ልጃችን ያነባል ወይስ በቃሉ ይላል?



ስለ ትምህርት በተነሳ ቁጥር ሁላችንንም አንገት የሚያስደፋ አንድ አኃዝ አለ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። አኃዙ ወደ ላይ ማለት መጀመሩ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ያም ሆኖ በ2017ቱ ፈተና እንኳ ከ100 ተፈታኞች 91ዱ ግማሹን ሳያገኙ መቅረታቸውን ልንዘነጋ አይገባም።

ውጤቱ ይፋ በሆነ ቁጥር ጣት መቀሳሰር ይጀመራል። ከፊሉ የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ይወቅሳል፤ ከፊሉ የፈተናውን ክብደት፣ ሌላው ደግሞ የወጣቱን ስንፍናና የስልኩን ነገር ያነሳል። እያንዳንዱ ቅሬታ የራሱ የሆነ እውነት ይኖረዋል። ነገር ግን አበው «ልጅን በጡት፣ እህልን በጥቅምት» እንዲሉ፣ በ12ኛ ክፍል የሚታየው መሰናክል ሥሩ ያለው ከ10 ዓመት በፊት ልጁ ፊደል በጨበጠበት ክፍል ውስጥ ነው። ባለፉት ዓመታት በአገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም የተካሄዱ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩን ይህንኑ ነው። እኛም በመድረሳም በመደበኛ ትምህርት ቤትም ተምረን፣ ዛሬም ከልጆች ጋር የምንውል እንደመሆናችን፣ ጥናቶቹ ለእንደ ዱከም ዓይነት ከተማ ወላጅ ምን እንደሚሉ በዚህ ጽሑፍ ለማየት እንሞክራለን።

ችግሩ የሚጀምረው ከየት ነው?

በ2002 ዓ.ም በአገራችን በ6 የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች፣ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ሰፊ የንባብ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ምዘናው የተወሳሰበ አልነበረም። ልጁ ፊት አንዲት አጭር ታሪክ ትቀመጣለች፤ ልጁ ድምፁን አሰምቶ ያነባታል፤ ከዚያም ስላነበበው ነገር ጥቂት ጥያቄ ይጠየቃል። ውጤቱ ግን አስደንጋጭ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከታሪኳ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ይዘው ከተመላለሱ በኋላ ነው። የዓለም ባንክም በበኩሉ፣ በኢትዮጵያ በ10 ዓመት ዕድሜ ላይ ከሚገኙ 10 ልጆች 9ኙ ያህል ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ይገምታል።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ታላላቅ ለውጦችን ይዞ መጥቶ ነበር። አንደኛው፣ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው የትምህርትን በር ለብዙኃኑ መክፈቱ ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ፈተና ማለፍ የተፈቀደውም ልጆች ገና በጠዋቱ ተስፋ ቆርጠው እንዳይቀሩ በማሰብ ነበር። በሩ ተከፈተ፤ ልጆቹም ጎረፉ። ይሁን እንጂ አንድ መምህር ክፍሉን ሞልተው የተቀመጡ ልጆችን ይዞ እያንዳንዳቸው ማንበባቸውን የሚያረጋግጥበት ጊዜም ዘዴም አልነበረውም። ልጁ ሳያነብ 4ኛ ክፍል ይደርሳል። ከ4ኛ ክፍል ወዲያ ደግሞ ሳይንሱም ሒሳቡም የሚሰጠው አንብቦ መረዳት እንደሚችል ተቆጥሮ ነው። ያን ጊዜ ልጁ ያለው ምርጫ ከሰሌዳ እየገለበጡ በቃል መያዝ ብቻ ይሆናል።

ማንበብ መቻል ሲባል ፊደል መቁጠር ብቻ እንዳልሆነም ማስተዋል ያሻል። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያቆየው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ልጁ እያንዳንዱን ፊደል እየፈለገ በዝግታ የሚያነብ ከሆነ፣ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። እንደ ሔለን አባድዚ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ልጅ ያነበበውን ለመረዳት በደቂቃ ከ45 እስከ 60 ቃላት ያህል ማንበብ እንዳለበት ሲያስገነዝቡ ቆይተዋል። ይህ መለኪያ ግን ለሁሉም ቋንቋ እኩል አይሠራም። በአማርኛ «አልመጡላቸውም» የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ የብዙ ቃላት ዓረፍተ ነገር ነው። አፋን ኦሮሞም ቃላቱ ረዘም ያሉ ናቸው። ስለሆነም ወላጅ ቃል መቁጠሩን ትቶ አንድ ነገር ያዳምጥ፦ ልጁ የሚያነበው ሰው በሚናገርበት አኳኋን ነው ወይስ እየተንደፋደፈ?

የዱከም ልጅ የሚሸከመው ፊደል

ዱከም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ከተቋቋመና በ2004 ዓ.ም ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ጫማ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከየአቅጣጫው ሰው ወደ ከተማዋ መጥቷል። በመሆኑም በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ቤት ኦሮምኛ፣ ሁለተኛው አማርኛ፣ ሦስተኛው ስልጥኛ ወይም ጉራግኛ ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታም ያለው ሁኔታ ከዚህ ብዙም አይለይም።

በእንዲህ ያለው ከተማ የሚያድግ ሙስሊም ልጅ በአንድ ቦርሳ ስንት ዓይነት ጽሕፈት እንደሚይዝ ቆም ብለን አስበን እናውቃለን? ትምህርት ቤት አፋን ኦሮሞን በቁቤ ያነባል። በከተማው ሰሌዳ ላይ፣ በትምህርትም ጭምር፣ የአማርኛ ፊደል ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ አለ። ከቀኑ ፈረቃ መልስ ወይም ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መድረሳ ገብቶ ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ ያነባል። ሦስት ዓይነት ጽሕፈት፣ አራት ዓይነት አነባበብ መሆኑ ነው።

ከሁሉም የሚያደናግረው ደግሞ የሚመሳሰለው ነው። ቁቤና እንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ፊደላትን ቢጠቀሙም ድምፃቸው ይለያያል። እንግሊዝኛው «ሲ» ብሎ የሚጠራው ፊደል በቁቤ «ጨ» ነው፤ «ኤክስ» የሚባለው ደግሞ «ጠ» ተብሎ ይነበባል። ልጁ ጠዋት «ጨ» ብሎ ያነበበውን ፊደል ከአንድ ክፍለ ጊዜ በኋላ «ከ» ብለህ አንብብ ይባላል። ይህን ለይቶ የሚያስረዳው ሰው ካላገኘ ስህተቱ የራሱ ይመስለዋል፤ «እኔ አይገባኝም» ብሎም ይደመድማል።

እያንዳንዱ ጽሕፈት የየራሱ ጠባይ አለው። የአማርኛው ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት አጣምሮ ይይዛል፤ ነገር ግን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» የሚለውን ቃል በዓሉ ይሁን «ቆይ፣ አልደረሰም» ለማለት የሚለየው የአንባቢው ግንዛቤ ብቻ ነው። ቁቤ በአንጻሩ ሲጠብቅ ተነባቢውን ይደግመዋል፤ ሲረዝም አናባቢውን ይደግማል። «ለፈ» ሲል መሬት፣ «ላፋ» ሲል ለስላሳ ማለቱ ነውና ርዝመቱን ያልለየ አንባቢ ትርጉሙን ይስታል። የዐረብኛው ደግሞ ለማጥበቂያው ሸድዳ፣ ለማስረዘሚያው የመድ ፊደላት አሉት። እዚህ ላይ የመድረሳ ልጅ አንድ ዕድል አለው። ኡስታዙ ዘንድ ሸድዳንና መድን በጥንቃቄ ያጠና ጆሮ፣ ቁቤ ፊደል ደግሞ የሚጽፈውን ድምፅ ቀድሞ ለምዶታል። ሁለቱን መምህራን የሚያገናኝ ድልድይ ቢኖር ኖሮ ልጁ አንዱን ተምሮ ሌላውን ባቀለለው ነበር።

ጽሕፈትን ከቋንቋው ድምፅ ጋር የማስማማቱ ጉዳይ ያሳሰባቸው የቀደሙ ዑለሞችም ነበሩን። ሼኽ በክሪ ሳጳሎ (እ.ኤ.አ. 1895–1980) በሐረርጌ ሲያስተምሩ የኖሩ የኦሮሞ ዓሊምና ገጣሚ ናቸው። እርሳቸው የዐረብኛውም ሆነ የግዕዙ ፊደል የኦሮምኛን ድምፆች በሙሉ እንደማይገልጽ ተገንዝበው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ የሚስማማ አዲስ ፊደል ቀርጸው ለተማሪዎቻቸው አስተምረዋል። ያ ፊደል በስፋት የመሠራጨት ዕድል አላገኘም። ቁቤ ለኦሮምኛ የተመረጠው ከብዙ ጊዜ በኋላ በ1984 ዓ.ም ነው። የሼኹ ሥራ ግን አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፦ የሃይማኖት መምህር የልጆች ንባብ ጉዳይ የእኔ አይደለም ሊል አይችልም።

በየትኛው ቋንቋ ይጀመር?

ብዙ የዱከም ወላጅ የፈተናውን ውጤት አይቶ የደረሰበት መደምደሚያ «ልጄ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማር» የሚል ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ መሆኑ ስለሚታወቅ ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። አቅሙ ያለው ከፍሎ ያስተምራል፤ የሌለውም ተበድሮ ይከፍላል። ጥናቱስ ምን ይላል?

ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናውና በ1999 ዓ.ም የተጠናቀቀ አንድ ሰፊ ጥናት አለ። ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ የተሳተፉበት ይህ ጥናት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ውጤት ከተማሩበት ቋንቋ ጋር አነጻጽሯል። ግኝቱ ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነበር። 8ቱንም ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት በሒሳብና በሳይንስ ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ራጄሽ ራማቻንድራን የተባሉ ተመራማሪም የ1986ቱን ፖሊሲ ውጤት መርምረው፣ በኦሮምኛ መማር መጀመሩ የኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆችን የማንበብ ችሎታ ከፍ እንዳደረገ አሳይተዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጅ «ላም» የሚለውን ቃል አንብቦ ሲጨርስ የላሟ መልክ በዐይኑ ካልመጣ፣ ያነበበው ድምፅ እንጂ ትርጉም አይደለም። በማያውቀው ቋንቋ የሚጀምር ልጅ ፊደሉንም ቃሉንም በአንድ ጊዜ ይማር ዘንድ ይገደዳል። በሚያውቀው ቋንቋ የጀመረው ግን ማንበብን አንድ ጊዜ ይለምዳል፤ ከዚያ ያንኑ ችሎታ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ቋንቋ ይዞት ይሻገራል።

እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ሕግ ምንም ልዩነት የሌለው አይደለም። ዳንኤል ዋግነርና ባልደረቦቹ በሞሮኮ ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ጥናት፣ ቤታቸው በርበርኛ የሚነገር ልጆች በዐረብኛ ማንበብ ሲጀምሩ ወደ ኋላ ቢቀሩም በ5ኛው ዓመት ዐረብኛ ተናጋሪ ጓደኞቻቸውን ደርሰውባቸዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ በሁለተኛ ቋንቋ የጀመረ ልጅ ሁሉ ጠፍቷል ማለት እንዳልሆነ ነው። በዙሪያው ያ ቋንቋ የሚነገር፣ የሚሰማ፣ የሚጻፍ ከሆነ ይደርሳል። ስለሆነም ቤቱ ስልጥኛ የሚነገርበት ልጅ ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ የሚጫወት ከሆነ በዚያ ቋንቋ መጀመሩ አይጎዳውም። የሚጎዳው፣ በቤትም በሰፈርም በመስጊድም ማንም በማይናገረው ቋንቋ መጀመሩ ነው። በዱከም ሰፈሮች እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛን እንደ አንድ ትምህርት ጠንቅቆ ማስተማር ግድ ነው፤ የንባብ መነሻ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

መድረሳው ቀድሞ የያዛቸው ነገሮች

በቅርብ ዓመታት «አዲስ» ተብለው ከሚነገሩት የማስተማር ዘዴዎች መካከል በቁርአን ቤት ያደገ ሰው ሲሰማቸው የሚያውቃቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛው፣ ድምፅን ከፊደል ጋር ደረጃ በደረጃ ማያያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የተቋቋመ አንድ የንባብ ጉባኤ እጅግ ብዙ ጥናቶችን መርምሮ፣ ለጀማሪ አንባቢ ከሁሉ የሚጠቅመው እያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠውን ድምፅ በሥርዓት ማስተማር መሆኑን አረጋገጠ። የቁርአን ቤት ልጅ ሉህ ይዞ ፊደሉን ከነነቁጣው ለይቶ፣ ከዚያ በፈትሓ፣ በከስራና በዱማ «በ፣ ቢ፣ ቡ» እያለ የሚያልፍበት መንገድ ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱን ልጅ በደረሰበት ልክ ማስተማር ነው። በህንድ ፕራታም የተባለ ድርጅት ልጆችን በዕድሜያቸው ወይም በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ችሎታቸው መድቦ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት በዚያው ልክ የማስተማር ዘዴ ጀመረ። ይህን ዘዴ ለዓመታት የፈተሹት አብሂጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ፣ በትምህርት ላይ የሠሩት ሥራ ለሽልማቱ ካበቃቸው አንዱ ነበር። በቁርአን ቤት አንዱ ልጅ አሊፍ ላይ ሳለ ከጎኑ ያለው ከጁዝ ወደ ጁዝ ይሻገራል። ያልያዘ ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ የያዘም ያልያዘውን አይጠብቅም።

ሦስተኛው ሙራጀዓ ነው። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን በተለያየ መንገድ አንድ ጽሑፍ እንዲያጠኑ አደረጉ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት 40 ከመቶ ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የተለማመዱት 61 ከመቶ አስታወሱ። ልጅ ማታ የያዘውን ጠዋት ከኡስታዙ ፊት ሙስሐፉን ዘግቶ የሚያሰማውና የቆየውን ሐምሌ የያዘውን ሱራ በመስከረም የሚደግመው ለዚህ ነው። ይኸው ልጅ ታሪክና ባዮሎጂ ሲያጠና ግን ደብተሩን ገልጦ አሥር ጊዜ ማየትን ጥናት ይለዋል። መድረሳ የተማረውን ዘዴ ወደ ትምህርት ቤት ይዞ እንዲገባ የነገረው የለምና።

መድረሳውም ራሱን ይፈትሽ

ይህን ስንል መድረሳዎቻችን ሁሉ ሙሉ ናቸው ማለታችን አይደለም። ዋግነርና ስፕራት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ሌላ የሞሮኮ ጥናት፣ ቁርአን ቤት የቆዩ ልጆች በቅደም ተከተል የመያዝ ችሎታቸው ከሌሎች በልጦ ተገኝቷል፤ በሌሎች የማስታወስ ዓይነቶች ግን ብልጫ አልታየም። ሒፍዝ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በራሱም የሚፈለግ ነው። ማንበብ ግን አይደለም። ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ ጁዝ ዐምማን የሚወጣ ልጅ፣ ዐይኑ ፊደሉን እያየ ይሁን ወይስ ምላሱ በትዝታ እየሮጠ፣ ሳይፈተን አይታወቅም። በትምህርት ቤትም የመጀመሪያዋን ገጽ ሥዕሏን አይቶ የሚወጣት ልጅ ብዙ ነው። ሁለቱም ጋ ወላጅ አጨብጭቦ ይሄዳል፤ ልጁም ማንበብ እንደማይችል ሳይታወቅበት ዓመት ይቆጠራል።

ፈተናው ቀላል ነው። በመድረሳ ልጁ ያልያዘውን ሱራ ገልጦ፣ ከመሐል አንድ መስመር ማስነበብ ነው። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ደግሞ ሥዕሉን በእጅ ሸፍኖ፣ ቃላቱን ከታች ወደ ላይ ማስነበብ ነው። በእውነት የሚያነብ ልጅ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። በቃሉ የያዘ ልጅ ግን ወዲያው ይቆማል።

ሌላው አለንጋው ነው። በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ዕድገት የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት፣ ከ8 ዓመት ልጆች ከ4ቱ 3ቱ ያህል በሳምንቱ ውስጥ መምህር ልጅ ሲመታ ማየታቸውን መዝግቧል። ይህ የትምህርት ቤት መረጃ ነው፤ በአንዳንድ መድረሳዎቻችን ያለውም ከዚህ እንደማያንስ ሁላችንም እናውቃለን። የፈራ ልጅ አእምሮው የሚያስበው ስለሚመጣው በትር ነው፤ ለፊደሉ የሚተርፍ ቦታ የለውም። በስህተቱ የሚመታ ልጅ ደግሞ የሚማረው ስህተቱን መደበቅ ነው። የተደበቀን ስህተት ማንም አያርመውም።

ስልኩስ?

እ.ኤ.አ. በ2023 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ባወጣው ሪፖርት ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል የሚገባው ለትምህርቱ መጥቀሙ ሲረጋገጥ ብቻ ሊሆን እንደሚገባ አሳስቧል። ድርጅቱ እንደቆጠረው በ2024 መጨረሻ 79 የትምህርት ሥርዓቶች በትምህርት ቤት ስልክን በሕግ ወይም በመመሪያ ከልክለው ነበር። በዲጂታል ትምህርት ገፍታ የሄደችው ስዊድን እንኳ በ2023 ለታተሙ መጻሕፍት ገንዘብ መድባ ልጆቿን ወደ ወረቀትና እስክሪብቶ መልሳለች። መጽሐፍ በቤቱ የሌለው ወላጅ በስልኩ የተጫነውን የመማሪያ መጽሐፍ ቢያስነብብ አይነቀፍም። ስልኩን ልጁን ዝም ማሰኛ ማድረግ ግን ሌላ ነው። ልጅ ዝም ባለ ሰዓት ሁሉ ቃል ሳይለምድ ይውላል።

ከወላጅ የሚጠበቀው

የክፍሉን ብዛት መቀነስ፣ መጽሐፍ ማዳረስና የመምህሩን ኑሮ ማሻሻል የወላጅ ብቻ ሥራ አይደለም። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለው ጥቂት አይደለም።

አንደኛ፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ ልጁን ማስነበብ። ይህ ማንበብ የማይችሉ ወላጆችንም ይመለከታል። እናት ፊደል ባትለይ «ያነበብከውን ንገረኝ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» ማለት አያቅታትም። የፋብሪካ ፈረቃ የሚያመሽባቸው ወላጆች ይህን ለአያት፣ ለታላቅ እህት ወይም ወንድም አደራ ሊሰጡ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ በአንዱ ቋንቋ ማንበቡ እስኪጠና ድረስ ለዚያ ቋንቋ ቅድሚያ መስጠት። ሌሎቹን መከልከል አያስፈልግም። ነገር ግን ልጁ የሚያውቀውን ቋንቋ ሳያነብ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ አስጠኚ መቅጠር ገንዘብን ሜዳ ላይ መበተን ነው።

ሦስተኛ፣ ፊደላቱን ለይቶ ማስረዳት። «ይህ ፊደል በአፋን ኦሮሞ እንዲህ፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ ይባላል» ብሎ በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

አራተኛ፣ ኡስታዙንና የክፍል መምህሩን ማገናኘት። ሁለቱ መምህራን የሚያስተምሩት አንድን ልጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይተዋወቁም። ልጁ ፈተና ሲደርስበት መድረሳው ጫናውን ቢያቀል፣ በክረምት ደግሞ ቢያጠናክር ሁለቱም ይጠቀማሉ። መድረሳውን ከነአካቴው ማስቀረትም ሆነ ትምህርት ቤቱን ችላ ማለት ልጁን በአንድ እግሩ ማስኬድ ነው።

አምስተኛ፣ ሙራጀዓን ለትምህርት ቤት ትምህርት ማዋል። ማታ ደብተሩ ተዘግቶ «ዛሬ የተማርከውን ሳታይ ንገረኝ» ይባል። ከሳምንት በኋላ ይደገም። ከወር በኋላም እንዲሁ።

ውድ አንባብያን፣ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ የወረደው ትእዛዝ ማንበብን የሚመለከት መሆኑን በየሚንበሩ ሰምተናል፤ ለልጆቻችንም ነግረናል። አሁን የቀረው፣ በዚህ ሳምንት ልጃችንን ከጎናችን አስቀምጠን፣ አይቷት የማያውቃትን አንዲት ገጽ ገልጠን ማድመጥ ነው። አቀላጥፎ ካነበበ አልሐምዱሊላህ። ካቃተው ደግሞ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ሳለ ማወቃችን በ12ኛ ክፍል ከመስማት ይሻላል። አላህ ለሁላችንም ተውፊቁን ይስጠን።